ያለ አንተ የቀረጽኳቸው አሥራ ዘጠኝ ዜማዎች

ውድ ወንድምጋሼ፣

ስልክ አታነሳልኝም። አልፈርድብህም። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን አላነሳም ነበር። ልጅህ ግን ደብዳቤ ብልክ እንደምትቀበል ነገረችኝ። «ይቀበላል አልኩ እንጂ ያነባል አላልኩም» አለች፣ ልክ በአንተ አነጋገር። በአንድ ወር አምሳ ሺህ ቃል የጻፍኩ ሴት ይቺን የመጀመሪያ አንቀጽ ለመጻፍ አራት ወር ፈጀሁ።

የምነግርህ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በዚያ ሠላሳ ቀን ያደረግኩብህ ነው። እሱን ታውቀዋለህ፣ ከአፌ ግን አልሰማኸውም። ሁለተኛው ከዚያ በፊት ያደረግኩብህ ነው። የሱን ግማሹን ብቻ ነው የምታውቀው። ሌላውን ግማሽ ውጬ ብቀር ደግሞ ሐኪሞቹ የሌለብህን በሽታ ሲፈልጉብህ ሊከርሙ ነው። ስለዚህ እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ከዚያ ቅደደው።

ነገሩ የጀመረው ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ነው። «በሠላሳ ቀን አንድ ልብ ወለድ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በቀን አንድ ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ሰባት ቃል፣ በወሩ መጨረሻ አምሳ ሺህ። ውስጥ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሠንጠረዥ አለ፤ የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስም፣ ከስሙ ጎን ሠላሳ ባዶ ሳጥን። የቀኑን የጨረሰ ሳጥኑን ይቀባል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እስክሪብቶ እየሰጠችኝ «ትጨርሻለሽ?» አለችኝ። ሰው ሁሉ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው፤ እኔን ግን የምታውቀኝ መሰለኝ።

አንተማ ታውቀኛለህ። አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ሹራብ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። በረንዳዬ ላይ ያሉት አበቦች ግማሾቹ የበቀሉ፣ ግማሾቹ «ነገ እተክላቸዋለሁ» ተብለው ከረጢታቸው ውስጥ የደረቁ ናቸው። ማክሰኞና ቅዳሜ ዋና። ከእሑድ በቀር ሁልጊዜ ማታ ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ተኩል አንተ ቤት፣ አንተ በጊታር እኔ በክላርኔት። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ መነጽር ቤት ቆሜ ሌላው ሰው የሚያይበትን መስታወት ስሞርድ እውላለሁ። አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የኔ የሆነች ፈለግሁ። ይህን ለማንም አላልኩም። ሲባል ትንሽ ነገር ይመስላል።

ለወሩ የሠራሁትን የጊዜ ሰሌዳ ይዤ የመጣሁበትን ቀን ታስታውሳለህ? በቀለም የተከፋፈለውን። መነጽርህን አድርገህ እንደ ተማሪ የፈተና ወረቀት መረመርከው።

«ቢጫው ምንድን ነው?»

«ልብ ወለዱ።»

«ሰማያዊው?»

«ዋና ነው። በሳምንት አንዴ አድርጌዋለሁ።»

«አረንጓዴው አበባ መሆን አለበት። ጥሩ። እኔ የታለሁ?»

«ለዚህ ወር ብቻ ነው፣ ወንድምጋሼ...»

«ገባኝ። ከመኪናው ወርጃለሁ።» ሳቅክ፤ ጡረታ ወጥተህም የመንጃ አስተማሪ ንግግር አልለቀቀህም። ከዚያ ወረቀቱን እያጠፍክ እንዲህ አልክ፦ «አንቺ ጩጬ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ሲባል አልሰማሽም? አንቺ አራት ዛፍ ተክለሽ መሰላል ትፈልጊያለሽ።»

እየሳቅህ ነበር። ቀኝ እጅህ ግን የጊታሩን አንገት ይዞ ነበር፣ ሰው የሚወስድበት ይመስል።

ያን ጊዜ ነው መፍትሔ ያልኩት የመጣልኝ። በሙሉ ልቤ ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። የኔን ድርሻ እቀርጽልሃለሁ አልኩ። አሮጌውን ስልኬን እሰጥሃለሁ፣ ከድምፅ ማጉያ ጋር አገጣጥምልሃለሁ፣ በአሥራ አንድ ተኩል ትከፍተዋለህ፣ እኔ እነፋለሁ አንተ ትመታለህ። «እዚያው እንዳለሁ ቁጠረው» አልኩህ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ፣ ስልኩን ስኳር ዕቃ ላይ አስደግፌ፣ የምንጫወታቸውን አሥራ ዘጠኙንም ዜማዎች ሳላቋርጥ ቀረጽኳቸው። ሰኞ መጻፍ ልጀምር ነው። እንደዚያ ቀን ነፍቼ አላውቅም። ክላርኔቱ ከእጄ ውስጥ የሚበር መሰለኝ። በጣም ቀለለኝ። ለምን እንደቀለለኝ ራሴን አልጠየቅኩም።

አሁን ልንገርህ።

አብረን ስንጫወት ግራ እጅህ ከአንዱ የክር አያያዝ ወደ ሌላው የሚደርሰው ዘግይቶ ነበር። መጀመሪያ በጣም ጥቂት፣ በኋላ አንድ ምት፣ ቆይቶ ሁለት ምት። እኔ ደግሞ የያዝኩትን ድምፅ ሳልለቅ እጅህ እስኪደርስ እቆያለሁ። ሲደርስ አብረን እናልፋለን። አንተ መዘግየትህን አልሰማህም፣ ምክንያቱም ማንም ቀድሞህ አያውቅም። እንዲያውም አንድ ቀን ጊታሩን ጭንህ ላይ አስተኝተህ «እኔ የምልሽ፣ ትንፋሽሽ እንዴት ነው የረዘመው?» አልከኝ። «ዋናው ነው» አልኩ። «ይኸውልሽ! ስፖርት ማለት ይሄ ነው። በይ ማክሰኞን እንዳታስቀሪ» ብለህ ጎረቤቱን ሁሉ በኔ ሳንባ አስቀናህ።

ትንፋሼ አልረዘመም ነበር። እየጠበቅኩህ ነበር።

ያን እሑድ ግን ወጥ ቤቴ ውስጥ አንተ አልነበርክም። የሚጠበቅ እጅ አልነበረም። ዜማዎቹን ሁሉ በራሳቸው ፍጥነት፣ በዱሮው ፍጥነታችን፣ አንተ ራስህ በልጅነቴ ባስተማርከኝ ፍጥነት ነፋኋቸው። አላስተዋልኩም። ማታውኑ አመጣሁልህ። ግንባሬን ስመህ «በይ ሂጂ ጻፊ» አልከኝ።

ጻፍኩ። ስለ መጽሐፉ ብዙ ልነግርህ አልፈልግም። ባቡር ጣቢያ ተቀምጣ ባቡር ስለምትጠብቅ አንዲት ሴት ነው። የቃሉ ቁጥር አልሞላ ሲለኝ የማያስፈልጉ ሦስት አክስቶች ጨመርኩላት፤ ሦስቱም ወሬኛ። በምሳ ሰዓት ከመሞረጃ ማሽኑ ጀርባ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ዋናውን በመጀመሪያው ሳምንት ተውኩት። አበቦቹን በሁለተኛው። የቀባሁትን ሳጥን ለማየት ብቻ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ የሄድኩበት ቀን አለ።

በዘጠነኛው ቀን ደወልክ። ጣቶቼ የኮምፒውተሩ መጻፊያ ላይ ነበሩ፤ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ያዝኩት።

«ጩጬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትቀርጺው ፍጥነት ጨምረሻል እንዴ?»

«ኧረ አልጨመርኩም።»

«እርግጠኛ ነሽ? ሦስተኛዋ ዜማ ላይ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ። ቀይ መብራት አትጠብቂም፣ አረንጓዴ አትጠብቂም።»

«እንደ ወትሮው ነው የነፋሁት ወንድምጋሼ። ልክ እንደ ወትሮው።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ። ልምምድ ይጎድለኛል» አልክ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ተነሥቼ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ወንድምጋሼ፣ ያን ጊዜ እያወራሁህ እየጻፍኩ ነበር። አንደኛዋን አክስት እያናገርኩ ነበር። «እንደ ወትሮው» ያልኩህ አስቤ ዋሽቼ አይደለም፤ ከዚያ የባሰ ነው። ሳላስብ ነው ያልኩት። የጠየቅኸኝ ስለ እጅህ መሆኑ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ከገባኝም በኋላ አልደወልኩም። የቀኑ አራት መቶ ቃል ይቀረኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በቀን አምስትና ስድስት ሰዓት ትለማመድ እንደነበር የሰማሁት ከቤትህ ሥር ካለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ከስልኩ ጋር ስትሽቀዳደም። ቀረጻውን ስታቆም፣ ስትመልስ፣ ስትጀምር። «ወንድምሽ ለኮንሰርት ነው እንዴ የሚዘጋጀው?» አለኝ። እየሳቀ ነበር፤ እኔም ሳቅኩ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን እንደገና ደወልክ። ድምፅህ ዝግ ያለ ነበር። «ለአንድ ማታ ብቻ ብትመጪ። አንድ ሰዓት። ከዚያ አላስቸግርሽም።»

«አራት ሺህ ቃል ወደ ኋላ ቀርቻለሁ ወንድምጋሼ። አሥራ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ታግሠኝ።»

«እሺ። በርቺ።»

ድምፅህ አንድም ቂም አልነበረበትም። ይኼኛው ነው የሚያንገበግበኝ። ያንተ ቤት ከኔ ቤት አስፋልቱን ተሻግሮ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። በእግር ሰባት ደቂቃ።

በሠላሳኛው ቀን ጨረስኩ። ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት። የመጨረሻውን ሳጥን ስቀባ ኃላፊዋ አጨበጨበችልኝ፣ እዚያ የነበሩት ሁለት ሦስት ሰዎችም አጨበጨቡ። ገጾቹን አሳተምኩና እየሮጥኩ ወደ አንተ መጣሁ። ካለኝ ዘመድ ሁሉ ጨርሻለሁ ብዬ የምነግረው ለአንተ ብቻ ነበር።

በሩ ክፍት ነበር። ጊታሩ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ፣ ዚፑ ተዘግቶ፣ በሩ ጎን ቆሟል። አንተ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠሃል። ከፊትህ አሮጌው ስልኬ፣ ያ ጡረታ ስትወጣ የሰጡህ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትና በሁለት ዓምድ የተጻፈ ወረቀት።

«ጨረስኩ!» አልኩ።

«እንኳን ደስ አለሽ።» ገጾቹን ተቀብለህ በቀኝ እጅህ መዘንካቸው። «ከባድ ነው። እሰይ። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ።

«ልጄ ከሦስት ወር በፊት ስትመጣ አብረን ስንጫወት ቀርጻን ነበር። ስድስቱን። ልካልኝ ለካኋቸው። ሦስተኛዋን አብረን ስንጫወታት አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ትፈጃለች። አንቺ ብቻሽን ስትነፊያት ሦስት ደቂቃ ከአምስት።»

«ያን ቀን ቸኩዬ ነበር ወንድምጋሼ። እሑድ ነበር፣ በማግስቱ...»

«ስድስቱንም ነው የለካሁት። ችኮላ እንዲህ እኩል አይሆንም።»

ወረቀቱን ወደኔ ገፋህ። አላነበብኩትም።

«ሠላሳ አንድ ዓመት መንዳት አስተምሬያለሁ» አልክ። «እግሬ ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ። ተማሪው አያየውም። ሲያጠፋ እረግጣለሁ፣ መኪናው ይቆማል፣ እሱ ራሱ ያቆመው ይመስለውና ደስ ይለዋል። ይመስለው፣ ችግር የለም። ግን ፈተና ከመላኬ በፊት እነግረዋለሁ። ‹እዚህ ጋና እዚህ ጋ የያዝኩልህ እኔ ነኝ፣ ዕወቀው› እለዋለሁ። ሳልነግረው ብቻውን መንገድ ላይ የለቀቅኩት አንድም ተማሪ የለም።»

ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልከኝ።

እውነቱን ያልመለስኩልህ ይህን ጥያቄ ነው፣ ወንድምጋሼ። ይህን ነው።

«ትንሽ ጊዜ ነው» አልኩህ። «ሁለት ሦስት ወር ቢሆን ነው።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ፊትህ ላይ ያለው ነገር እንዲቀንስ ይሆናል። ወይም የኔ ጥፋት እንዲያንስ። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። አንተ ራስህን ነቅንቀህ «ሦስት ወር» አልክ ለራስህ። ከዚያ ተነሥተህ በሩን ያዝክልኝ። በቀኝ እጅህ። በሳምንቱ ጊታርህ ለፀጉር አስተካካዩ ተሰጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ልጅህ መጥታ ይዛህ ሄዳ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ሐኪሙ ያለህን ነገረችኝ። «ሦስት ወር ውስጥ እጁ እንዲህ ከሆነ በጣም ፈጣን ነው፣ ሌላ የከፋ ነገር እንዳይሆን» ብሎ ጭንቅላትህን ራጅ እያስነሣ፣ ከአከርካሪህ ፈሳሽ ሊቀዳ ቀጠሮ እየያዘ ነው። አንተም ፈጣን ነው የሚለውን ሰምተህ ቤቱን ለማን እንደምትተው፣ የእናታችንን ፎቶ ለማን እንደምትሰጥ ማውራት ጀምረሃል። «እንደ ልብሱ ራሱንም እያጠፈ ነው» አለችኝ። አለቀሰች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«አክስቴ፣ ሁልጊዜ አብራችሁ ነበራችሁ። አንቺ መጀመሪያ ያየሽው መቼ ነው?»

እኔም «እሱ እንዳለው ነው» አልኳት።

አየህ፣ ሦስተኛ ጊዜ ዋሸሁ። አንተን ሁለቴ፣ ልጅህን አንዴ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁለት መቶ ገጽ። አንድም ገጹ ላይ ለሰው የሚጠቅም አንድ እውነተኛ ነገር እንደሌለ በዚያች ሰዓት አወቅኩ። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው ባቡር ትጠብቃለች፤ እኔ ግን እሷን የጻፍኩት መጠበቅ ምን እንደሆነ የማውቅ መስሎኝ ነው። ሰውን እሱ ራሱ ሳያውቅ መጠበቅ እሱን መጠበቅ አይደለም። እውነቱን ከእሱ መደበቅ ነው። ያኔ ሳየው ብነግርህ ኖሮ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ትሄድ ነበር። ጊታሩንም ምናልባት አታስቀምጠውም ነበር። እንዴት ቀስ ብለን አብረን መጫወት እንዳለብን ጮክ ብለን እንማከር ነበር፣ አንተም ቀልድ ታወጣለት ነበር። ያን ሁሉ ነው የወሰድኩብህ። ይህን የሚመልስ ነገር ከየትም አላመጣም። የክላርኔቱን ሣጥን ከዚያ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም።

እውነቱ ይኸውልህ። ይህን ክፍል ለሐኪሙ አንብብለት። ቅጂውን ለልጅህ በሌላ ፖስታ ልኬያለሁ፤ አንተ ብትቀድደው እንኳ እሷ ታደርስልኛለች።

ከደብዳቤው ጋር አሥራ ዘጠኝ ወረቀት አለ። የኔ የዜማ ኖታዎች ናቸው። ስንጫወት እርሳስ አጠገቤ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ መጠበቅ ሲያስፈልገኝ ክብ አደርግና ቀኑን አጠገቡ እጽፍ ነበር፣ በሚቀጥለው ማታ እንዳልረሳው። መጀመሪያ ያደረግኩት ክብ ልጅህ በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ነው። ማክሰኞ። የልጅ ልጅህ ሦስት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶታል። ያን ማታ የዘገየችው የቀለበት ጣትህ ብቻ ነበረች፣ አንድ ዜማ ውስጥ፣ አንድ ቦታ። ሁለተኛው ክብ የመጣው ከአምስት ወር በኋላ ነው። በዓመቱ አራት ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት ከረባት ማሰር ተውክ፣ «ጡረተኛ ምን ያደርግለታል» ብለህ። ያኔ ዘጠኝ ነበሩ። ስትራመድ ግራ ክንድህ መወዛወዙን ያቆመው ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ነው፤ ከኋላህ እየሄድኩ አይቻለሁ። የመጨረሻው ክብ ከዚያ የመጻፊያ ወር በፊት በነበረው ሐሙስ ነው። በጠቅላላው ሃያ ሦስት። ሐኪሙ ይቁጠራቸው። ቀኖቹን አንድ በአንድ ይያቸው።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ያ የሚጠየቅ ነገር አይመስለኝም። በሩን ብታንኳኪ እከፍታለሁ እንድትለኝም አልጠብቅም። ይህን ብቻ ያዝልኝ፦ ሦስት ወር አይደለም። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። በሽታህ እንደፈራኸው አይሮጥም፣ ወንድምጋሼ። ስሮጥ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ታናሽ እህትህ